የአያትሽን የዋንዛ ቁምሳጥን በክረምት አታስልጊው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ከሸዋ ሮቢት ወደ ደብረ ብርሃን ያመጣሽው የአያትሽ ቁምሳጥን ሐምሌ ላይ በሩ አልገጥም አለ፤ ጥር ላይ የበሩ መሃል ጣውላ ተሰነጠቀ፤ አናጢው ደግሞ «ልላገው፣ ስንጥቁን ስቱኮ ልሙላው፣ ቫርኒሽ ልቀባው» ይላል። ሦስቱንም እንዳታስደርጊ።

እንጨት ርጥበት ሲስብ የሚያብጠው በቁመቱ ሳይሆን በስፋቱ ነው። 40 ሳንቲ ስፋት ያለው ጣውላ በክረምትና በበጋ መካከል ሁለት ሦስት ሚሊ ቢሰፋና ቢጠብ ያለ ነው። ነሐሴ ላይ ያስላግሽው፣ ታኅሣሥ ላይ የቁልፉ ምላስ የማይደርስበት ክፍተት ይሆንብሻል። የተላገ ደግሞ አይመለስም።

1. ወለሉን እዪ። ከፊት እግሮቹ በአንዱ ሥር ስስ እንጨት አስገቢና በሩን ዝጊ፤ ካልሆነ በሌላው ሞክሪ። «አበጠ» ከሚባለው በር ብዙው ሳጥኑ ዘምሞበት ነው። እግሩ ሥር የጎማ ቁራጭ አንጥፊለት፤ ከግድግዳውም አምስት ሳንቲ አርቂው፣ በተለይ ግድግዳው ድንጋይ ከሆነ።

2. የማጠፊያው ብሎን ከላላ በትልቅ ብሎን አትተኪው። ቀዳዳውን ኮላ በነካ የእንጨት ስንጥር ሙዪ፣ ሲደርቅ ከርክሚ፣ ያንኑ ብሎን መልሺ። አሁንም የሚነካ ከሆነ የፍሬሙን ጠርዝ ጠመኔ ቀብተሽ በሩን ዝጊ፤ የሚነካው ቦታ በሩ ላይ ነጭ ሆኖ ይታተማል። በበጋም የሚነካ ካለ እሱ ብቻ ይላጋል፣ ከአንድ ሚሊ ሳያልፍ።

3. ስንጥቁ። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። መሃል ጣውላው በፍሬሙ ቦይ ውስጥ ያለ ኮላ ተቀምጦ እንዲላወስ ነው የሚሠራው። አንድ ብልህ ነኝ ባይ ሲቸነክረው ወይም ቀለም ቦዩ ላይ ሲያጣብቀው፣ በበጋ ሲጠብ መሄጃ ያጣና ይሰነጠቃል። በውስጥ በኩል ምስማር ፈልገሽ ንቀዪ፤ ዙሪያውን በስስ ቢላ አላቂ፤ በእጅ ሲገፋ ከተነቃነቀ ተፈትቷል። ከዚያ የስንጥቁ ሁለት ጎን በእጅ ሲገፋ ከተገናኘ በቪናቪል (ነጩ የእንጨት ኮላ) አጣብቂው። ካልተገናኘ አታስገድጂው፤ ስስ የዋንዛ ስንጣሪ አስገብተሽ በአንድ ጎኑ ብቻ አጣብቂ፣ ሌላው ጎን ነፃ ይሁን። ስቱኮ ግን ደንድኖ ይጠብቅና፣ ክረምት ላይ ጣውላው ሲሰፋ ወይ ፍሬሙን ያላቅቃል ወይ አጠገቡ ሌላ ስንጥቅ ያወጣል። ቪናቪሉን ረፋዱ ላይ፣ ቤቱ ሲሞቅ ሥሪ። ብርዱ ከ10 ዲግሪ በታች ከወረደበት ነጥቶ ይፈረፈራል እንጂ አይዝም፤ የኅዳርና የታኅሣሥን ውርጭ ደግሞ ለደብረ ብርሃን ሰው አልነግርም።

ቫርኒሹስ? የድሮ ዕቃ ብዙ ጊዜ ጎማላካ፣ ማለትም በአልኮል የሚሟሟ ሙጫ መሰል ቀለም፣ የተቀባ ነው። ከማይታይ ቦታ ላይ አልኮል የነካ ጥጥ አሳርፊ፤ ወዲያው መጣበቅ ከጀመረ ጎማላካ ነው። አዲስ ጎማላካ አሮጌውን አሟሙቶ አብሮት አንድ ስለሚሆን መፋቅ አያስፈልግም፦ አቧራውን ጥረጊ፣ 100 ግራም ጎማላካ በግማሽ ሊትር 96 በመቶ አልኮል ዘፍዝፈሽ አሳድሪ፣ በጨርቅ አጥልዪ፣ በስሱ ደራርበሽ ቀቢ። ይህም የበጋ ሥራ ነው፤ በዝናብ ወቅት ርጥበት ይይዝና ነጭ ጉም ይለብሳል። ዛሬ «እድሳት» ማለት ብርጭቆ ወረቀት ማሽን ላይ ገጥሞ የአያትን ቀለም በግማሽ ቀን ማራገፍ ሆኗል፤ ለዚያውም ተከፍሎበት!

ኑግ ዘይት ቀቢው የሚሉሽንም አትስሚ፤ ቶሎ ስለማይደርቅ አቧራ ይሰበስባል። ምንም ያልተቀባ እንጨት ካለሽ የተልባ ዘይት ይሻላል፤ በስሱ ቀብተሽ ትርፉን ጥረጊ፣ ለመድረቅም ቀናት ስጪው። የጠረግሽበትን ጨርቅ ግን ጠቅልለሽ ጥግ ላይ አትጣዪ፤ ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ስለሚያመነጭ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ውጭ ዘርግተሽ አድርቂው።