«የቦታውን ስም ቀይረሽ አስገቢ» ላሉሽ ጊዜ

ሰላም እህቴ፣

መልእክትሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሌሎቹም አንባቢዎች እንዲከተሉን ነገሩን ባጭሩ ላስቀምጠው። የኅብረተሰብ ጤና ተማሪ ነሽ፣ አራተኛ ዓመት። የመመረቂያ ጥናት ርዕስ የምታስገቢበት ጊዜ ደርሷል። ቤተሰቦችሽ የሚኖሩት ቡታጅራ አካባቢ፣ ገጠር ነው። እናትሽ ለሦስት ዓመት የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን (ቤተሰብ በየዓመቱ መዋጮ ከፍሎ ሲታመም የሚታከምበት) አባል ነበሩ፣ ዘንድሮ ግን አላደሱም። ጎረቤትም ያላደሰው ብዙ ነው። አንቺ ለምን እንደሆነ ማጥናት ፈለግሽ። ሲኒየሮችሽ ደግሞ «ምን አደከመሽ፣ ያምናውን ጥናት እንስጥሽ፣ የቦታውን ስም ቀይረሽ አስገቢ፣ ማንም አያነበውም» አሉሽ። እና ጠየቅሽኝ፦ ይህን ሁሉ ለፍቼ ብሠራው ሥራ ለማግኘት ይጠቅመኛል ወይ? ዘመድ ለሌለኝ ለኔ?

ይጠቅምሻል። እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ።

ለጤና ፕሮጀክቶች ሰው ሲቀጠር ጠያቂ ሆኜ ብዙ ጊዜ ተቀምጫለሁ። የሁሉም አዲስ ተመራቂ ሲቪ አንድ ዓይነት ነው። ውጤት፣ ኮምፒውተር ይችላል፣ እንግሊዝኛና አማርኛ ይናገራል፣ ከታች ደግሞ የጥናቱ ርዕስ፣ «ፕሪቫለንስ ኤንድ አሶሼትድ ፋክተርስ» (ስርጭቱና ተያያዥ ምክንያቶቹ) ብሎ የሚጀምር። ሰውን ከሰው የምንለየው አፉን ሲከፍት ነው። አንድ ጊዜ አንዱን ልጅ «ሰዎቹ ለመመለስ የተቸገሩበት ጥያቄ የትኛው ነበር?» አልኩት። ሳያስብ መለሰልኝ። «የወር ገቢዎ ስንት ነው» የሚለው ነው አለ። ገበሬው ሳቀበት። የወር ደሞዝ የለውም። ዓመቱን ሙሉ የሚበላውን በአንድ መኸር ነው የሚሰበስበው። ልጁ ማታ ቁጭ ብሎ ጥያቄውን በትናንሽ ጥያቄዎች ከፋፈለው። ስንት ኩንታል አገባችሁ፣ ስንት በሬ አላችሁ፣ ቤቱ ሣር ነው ቆርቆሮ፣ እህል የሚያልቅባችሁ በየትኛው ወር ነው። ይህን ሲያወራ እጁ ሁሉ ይንቀሳቀስ ነበር። ሥራውን ያገኘው እሱ ነው። ከሱ የተሻለ ውጤት ይዞ የመጣ ሌላ ልጅ ነበረ፣ የራሱን ጥናት ግን «እንደተለመደው መረጃ ሰበሰብን» ከማለት አልፎ ማስረዳት አልቻለም።

የቦታ ስም የቀየረ ሰው ይህን ታሪክ ከየት ያመጣዋል? ለዲፌንስ፣ ማለትም ጥናቱን መምህራን ፊት ለሚያቀርብበት ቀን፣ ያጠናዋል፣ ያልፋል ይሆናል። ከስድስት ወር በኋላ እኔ ፊት ሲቀመጥ ግን ባዶ ነው። ካምፓስ አካባቢ ጥናት በገንዘብ የሚሠሩ ቤቶች እንዳሉም አውቃለሁ። ከነሱ የገዛ ተማሪ አራት ዓመት ከተማረው ውስጥ ለሥራ የሚቀርበውን አንዱን ነገር ለሌላ ሰው ሰጠ ማለት ነው። በጣም ያሳዝነኛል።

አሁን ወደ ርዕስሽ ልግባ፣ ምክንያቱም ጥሩ ርዕስ ነው፣ ብቻ ሰፍቷል። «በኢትዮጵያ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ችግሮች» ብለሽ ከጻፍሽ አማካሪሽ ይመልስብሻል፣ መመለሱም ልክ ነው። መድኑ እንደ ፈረንጆቹ በ2011 በ13 ወረዳዎች ሙከራ ሲጀመር የነበረው ጥያቄ ሰው ይመዘገባል ወይ የሚል ነበር። ዛሬ በብዙ ቦታ ጥያቄው ሌላ ሆኗል፦ የተመዘገበው ለምን አያድስም? ስለዚህ አጥብቢው። በአንድ ቀበሌ፣ አምና አባል ከነበሩት ውስጥ ዘንድሮ ያላደሱት ስንት ናቸው፣ ካደሱት በምን ይለያሉ። በቃ። ይህ አንቺ ልትጨርሺው የምትችዪው፣ የወረዳው ጤና መድን ክፍልም መልሱን የሚፈልገው ጥያቄ ነው። ርዕስ ስትመርጪ እነዚህ ሁለቱ ከተገናኙልሽ ሌላ አትፈልጊ።

የእናትሽን ነገር ግን ጠንቀቅ ብለሽ ያዢው። ጤና ጣቢያ ሄደው መድኃኒት የለም፣ ከውጭ ግዙ ተብለው መመለሳቸውን ጽፈሽልኛል። ብስጭትሽ ይገባኛል፣ ዓመቱን መዋጮ ከፍሎ ፋርማሲ ደጃፍ ላይ እንደገና ኪስ መዳበስ ያማል። ጥያቄውን የሰጠሽ ይህ ነው። ጎረቤቶቻችሁ ግን በሌላ ምክንያት ትተውት ይሆናል። መዋጮው የሚሰበሰብበት ወር ገንዘብ የማይገኝበት ይሆናል። ዓመቱን ሙሉ ማንም ስላልታመመ «በከንቱ ከፈልን» ብለው ይሆናል። ደብተሩ ላይ የልጃቸው ስም ሳይገባ ቀርቶ ተመልሰው ይሆናል። ለሁሉም በመጠይቅሽ ውስጥ ቦታ አዘጋጂ። መድኃኒት ማጣትን ብቻ ከጠየቅሽ መድኃኒት ማጣትን ብቻ ነው የምታገኚው።

ስለ ናሙና፣ ስንት ሰው እንደምትጠይቂ ማለቴ ነው፣ ደግሞ። የፈለግሽው የላይብረሪ መደርደሪያ ላይ ያሉትን የመመረቂያ ጥናቶች ብታነሺ 422 ወይም 423 የሚል ቁጥር ደጋግመሽ ታያለሽ። ከየት እንደመጣ ታውቂዋለሽ፦ የሚለካው ነገር ግማሹ ሰው ላይ አለ ተብሎ 50 በመቶ ይገመታል፣ 5 በመቶ ስሕተት፣ 95 በመቶ እርግጠኝነት፣ 384 ይወጣል፣ ምላሽ ለማይሰጡት 10 በመቶ ይጨመርበታል። ስሌቱ ስሕተት የለበትም። ችግሩ ብዙ ተማሪ ለምን እንደተጠቀመበት ቢጠየቅ አለማወቁ ነው። ያንቺ ቀበሌ ውስጥ አምና አባል የነበሩት 600 አባወራዎች ናቸው እንበል። ይህ ትንሽ ሕዝብ ስለሆነ ለትንሽ ሕዝብ የሚደረገው የናሙና ማስተካከያ ይሠራል፣ ቁጥሩ ወደ 235 ይወርዳል፣ ከ10 በመቶው ጋር 259። ከ423 ጋር ሲተያይ ስንት ቀን እግር እንደሚያተርፍልሽ አስቢው። ቃለ መጠይቅ ላይ «ለምን 259?» ብዬ ብጠይቅሽና ይህን በሁለት ዓረፍተ ነገር ብታስረጂኝ፣ ሲቪሽ ላይ ስታቲስቲክስ እችላለሁ ብለሽ ከምትጽፊው በላይ አምንሻለሁ።

አሁን ደግሞ ደስ የማይለውን ልናገር። ተማሪ እያለሁ ለመረጃ ስብሰባ በቡድን ወጥተን ነበር። ፀሐይ ነው፣ ቤቶቹ ይራራቃሉ። ከቡድናችን ሁለቱ ዋርካ ሥር ቁጭ ብለው መጠይቁን ራሳቸው ሞሉት። አስተባባሪያችን ማታ ወረቀቱን ሲያገላብጥ ወዲያው ለየው። ንጹሕ ነበር። ስርዝ የለው፣ አቧራ የለው፣ በጠርዙ ላይ የተጻፈ የለው። እውነተኛ መጠይቅ ላይ «ባል የለም፣ ነገ ተመለስ» የሚል ይጻፍበታል፣ ቡና ይፈስበታል። ሁለቱን በማግስቱ ከሥራው አወጣቸው፣ የሞሉትም ሁሉ ተጣለ። የአንድ ቀበሌ እናቶች መልስ ከጥናቱ ጠፋ፣ ጊዜው አልቆ ስለነበር የሚተካም አልተገኘም። እስካሁን የሚቆጨኝ እሱ ነው። እናንተም በቡድን ከሆነ የምትሠሩት፣ ይህን ከመውጣታችሁ በፊት በግልጽ ተነጋገሩበት። ያልተገኘ ቤት «አልተገኘም» ተብሎ ይጻፍ። 10 በመቶው የተጨመረው ለዚህ ነው።

አንቺ የአካባቢው ልጅ ነሽ፣ ይህ ሀብት ነው። ቋንቋውን ታውቂያለሽ። መጠይቁ በእንግሊዝኛ ይጻፋል፣ ወደ አማርኛ ይተረጎማል፣ አንዳንድ እናቶች ጋር ግን በጉራጊኛ ካልሆነ አይገባም። እዚያው በር ላይ ቆመሽ ከምትተረጉሚ አስቀድመሽ አስተርጉሚው፣ ከዚያ ሌላ ሰው ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰው፣ የተጣመመውን ታዪዋለሽ። ጉራጊኛ መናገርሽን ሲቪሽ ላይም ጻፊ። እዚያ ዞን የሚሠራ ድርጅት የሚፈልገው ይህን ነው፣ እናንተ ግን አማርኛና እንግሊዝኛ ብላችሁ ታልፉታላችሁ።

የአካባቢው ልጅ መሆንሽ ግን መልስም ያበላሽብሻል። አክስትሽን ራስሽ አትጠይቂ፣ የቡድን ጓደኛሽ ትጠይቃት። ሌላው፣ ቤት የምታሳይሽ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ናት። በር ድረስ ታድርስሽ፣ አመስግኚያት፣ ከዚያ ትሂድ። እሷ አጠገብሽ ተቀምጣ «ስለ መድኑ በቂ ማብራሪያ ተሰጥቶዎታል?» ብለሽ ብትጠይቂ ሁሉም «አዎ» ነው የሚልሽ። ሰው ፊት ለፊት አያስቀይምም። ፈቃድ መጠየቅንም እንደ ፎርማሊቲ አትዪው። መልስ መስጠት ያልፈለገች እናት ምንም እንደማይቀርባት፣ ስሟ እንደማይጻፍ፣ ከመድኑም እንደማያስወጣት በራሷ ቋንቋ ንገሪያት።

እናንተ ጋ ያለው ሰው ለጥናት እንግዳ አይደለም። እንደ ፈረንጆቹ ከ1986 ጀምሮ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር ቡታጅራ ዙሪያ የተመረጡ ቀበሌዎችን ቤት ለቤት እየተከታተለ ልደትና ሞት ሲመዘግብ ነበር፣ ብዙ የማስተርስና የዶክትሬት ሥራም ከዚያ ወጥቷል፣ የአእምሮ ጤና ጥናቶቹ ውጭ ድረስ ይታወቃሉ። ስለዚህ መጠይቅ የያዘ ሰው ሲያዩ «ደግሞ መጣችሁ?» ቢሉሽ አይግረምሽ። ጽፎ የሄደ ሁሉ አልተመለሰም። አንቺ ተመለሺ። አጥብቄ የምነግርሽ ይህን ነው። ዲፌንሱ ካለፈ በኋላ ውጤቱን በአማርኛ፣ በአንድ ገጽ፣ «ኦድስ ሬሽዮ» የመሳሰለ የስታቲስቲክስ ቃል ሳታስገቢ ጻፊው። ካላደሱት ስንቱ በምን ምክንያት፣ በየትኛው ጎጥ ይበዛሉ፣ ምን ቢደረግ ይመለሱ ነበር አሉ። አንዱን ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት፣ አንዱን ለጤና ጣቢያው ኃላፊ ስጪ፣ ለቀበሌው ደግሞ ስብሰባ ሲኖር አንብቢላቸው። የሚቀጥለው የእድሳት ዘመቻ ሳይጀመር ከደረሰ ሊጠቀሙበት ይችላሉ። ዘመቻው ሳይጀመር የተሰጠና ካለቀ በኋላ የተሰጠ ወረቀት እኩል አይደለም።

ዘመድ የለኝም ላልሽውም ከዚህ ጋር ይያያዛል። አንዳንድ ቦታ ሥራ በትውውቅ እንደሚያዝ አልክድሽም፣ ብዋሽሽ አታምኝኝም። ግን ትውውቅ በደም ብቻ አይመጣም። ያንን አንድ ገጽ ይዘሽ ስትሄጂ ወረዳው ላይ ሥራሽን ያየ ሰው ይኖርሻል። ጤና ጣቢያው ላይ ሌላ ሰው። አማካሪሽ ሦስተኛ። ሪፈረንስ ብለሽ የምትጽፊያቸው እነሱ ናቸው፣ ስልክ ሲደወልላቸው «አዎ አውቃታለሁ፣ ጥሩ ተማሪ ነበረች» ብቻ አይሉም፣ የሠራሽውን ይናገራሉ። ድርጅት ሲመጣ «መረጃ የሚሰበስብልን ልጅ ታውቃላችሁ?» ብሎ የሚጠይቀውም እነሱን ነው።

የመጀመሪያ ሥራሽ ቋሚ ላይሆን ይችላል። የሁለት ሳምንት ዳታ ሰብሳቢነት ይሆናል፣ በአበል። ግቢበት። ከሰብሳቢነት ወደ ሱፐርቫይዘርነት፣ ከዚያ ኤም ኤንድ ኢ (የክትትልና ግምገማ) ኦፊሰርነት የደረሱ ብዙ ልጆች አይቻለሁ። ለዚህ እንዲያመችሽ መጠይቅሽን ወረቀት ላይ ብቻ አታስቀሪው፣ ኮቦ ቱልቦክስ የሚባለው የመረጃ መሰብሰቢያ ፕሮግራም ላይ ጫኚው። በነፃ ልትጀምሪበት ትችያለሽ፣ በስልክ ይሠራል፣ ኔትወርክ በሌለበትም ይሞላል። ብዙ ኤንጂኦ የሚጠቀመው እሱን ስለሆነ «ሠርቼበታለሁ» ማለት ትልቅ ነገር ነው። ሲቪሽ ላይም ርዕሱን ብቻ አትለጥፊ። እንዲህ ጻፊው፦ «በአንድ ቀበሌ 259 አባወራዎችን ለማነጋገር መጠይቅ አዘጋጅቼ፣ በጉራጊኛና በአማርኛ መረጃ ሰብስቤ፣ ውጤቱን ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት አቅርቤያለሁ።» ቁጥሩ የሠራሽው ትክክለኛው ቁጥር ይሁን። 241 ብቻ ካገኘሽ 241 በይ።

መንገዱ ሰላም ካልሆነ ወይም በጀቱ እንቢ ካለሽ ግን ራስሽን አደጋ ላይ አትጣዪ። የኢትዮጵያን የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መረጃ፣ እንደ ፈረንጆቹ የ2016ቱን፣ ተመዝግቦና ዓላማን ጽፎ በነፃ መጠየቅ ይቻል ነበር፣ አሁንም ክፍት መሆኑን አስቀድመሽ አረጋግጪ። በሱም ጥሩ ጥናት ይሠራል። ካምፓስ አጠገብ ባለ ቀበሌ ማድረግም ነውር የለውም።

ለሲኒየሮችሽ ምንም መልስ አትስጪ፣ ጊዜሽን አታባክኚ። የድጋፍ ደብዳቤውን ከዲፓርትመንት አሁኑኑ ጠይቂ፣ ከዲፓርትመንት ዞን፣ ከዞን ወረዳ፣ ከወረዳ ቀበሌ እስኪደርስ የሚፈጀውን አትገምቺውም። እስከዚያ ወደ ቤት የምትሄጂበት ቀን ካለ የመጠይቁን ረቂቅ ይዘሽ ሂጂና ቡና ሲፈላ ለእናትሽ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው። እሳቸው ናሙናው ውስጥ አይገቡም፣ መልሳቸውንም አትጻፊው። «ምን ማለት ነው?» ያሉበትን ቃል ብቻ አስምሪበት፣ ከዚያ የተሰመረበትን ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።