ነፋሱ ከጀርባ ሲሆን ወደ አጋዘን መሄድ

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከድሬዳዋ ነው። የአጋዘን አደን ፈቃድ አለኝ፤ የቀረኝ ሁለት ቀን ብቻ ነው። አጋዘኖቹ ጠዋት የሚገኙበት ቁጥቋጦ ከተራራው ግርጌ፣ በደረቅ ወንዝ ዳር ነው። እኛ ያረፍነው ከላይ ነው። ማለዳ ስንነሳ ነፋሱ ከጀርባችን ቀጥ ብሎ ወደ ቁጥቋጦው ይወርዳል። ልሂድ ወይስ ቀኑን ልተወው?

መልስ፦ በዚያ መስመር፣ በዚያ ሰዓት አትሂድ፤ ነፋሱ ጠረንህን ይዞ ካንተ ቀድሞ ይደርሳቸዋል። ቀኑን ግን አትተወው አቦ፤ ምክንያቱም የጻፍከው ነፋስ ቀኑን ሙሉ እንዲያ አይነፍስም።

ከድሬዳዋ በስተደቡብ ያለው ተራራ ሌሊት ይቀዘቅዛል። የቀዘቀዘ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውሃ ወደ ሸለቆው ይወርድና ደረቁን ወንዝ ተከትሎ ይሄዳል። ማለዳ ከጀርባህ የሚገፋህ እሱ ነው። ፀሐይ ተዳፋቱን ስታሞቀው አየሩ ተገልብጦ ሽቅብ ይወጣል። ብዙ ጊዜ የሚገለበጠው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ወደ ከተማው የሚያየው ተዳፋት ፊቱ ወደ ሰሜን ነው፤ በታኅሣሥና በጥር ፀሐይዋ በደቡብ በኩል ስለምትሄድ ዘግይቶ ይሞቃል፣ ነፋሱም ዘግይቶ ይዞራል። ወደ ምሥራቅ የሚያይ ገደል ካለ እሱ ይቀድማል።

በመጀመሪያው ቀን እንዲህ አድርግ። ገና ሳይነጋ ተነሳና ከቁጥቋጦው ቢያንስ አንድ ኪሎ ሜትር በጎን ርቀህ፣ በሌላ ደረቅ ወንዝ ውረድ። የምትመርጠው ወንዝ ከአጋዘኖቹ ወንዝ ጋር የሚገናኘው ከቁጥቋጦው በታች መሆን አለበት። ከላይ የሚገናኝ ከሆነ ጠረንህ ወንዙን ይዞ ወርዶ ካንተ ቀድሞ ይደርሳቸዋል። ከታች ሆነህ ሽቅብ ስትመለስ ነፋሱ ፊትህን ይመታል፤ የምትፈልገው ይህንን ነው። ግን ጊዜህ አጭር ነው። ነፋሱ በተገለበጠ ቅጽበት ጠረንህን ሽቅብ ወደነሱ ስለሚወስድ፣ ፀሐይ ተዳፋቱን ከነካች በኋላ ገና ሩቅ ከሆንክ ወደ ጎን ውጣ። አጋዘን ከደነገጠ እንደ ውሻ በሻካራ ድምፅ ይጮሃል፤ እሱን ከሰማህ የዚያ ቀን ነገር አልቋል። አካባቢውንም ሊለቅ ስለሚችል ሁለተኛ ቀንህን አብረህ ታጣለህ።

ነፋሱን በጉንጭህ ብቻ አትለካ። በስስ ጨርቅ የተቋጠረ የተነፋ አመድ ያዝ፤ በየ50 እርምጃው ነካ ነካ አድርገው። አመድ የሚያሳይህ ጥቂት ሜትር ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ያለውን ለማየት በድሬዳዋ ዙሪያ ሞልቶ የሚገኘውን ጦቢያ የሚባል ተክል ፍሬ ፈልቅቀህ ሐር የመሰለውን ዘር ልቀቀው፤ ዓይንህ እስኪያጣው ተከተለው። አንዳንዴ ከእጅህ ቀጥ ብሎ ሄዶ 30 ሜትር ላይ ይዞራል። በተለይ ወንዙ በሚታጠፍበትና ሁለት ወንዞች በሚገናኙበት ቦታ አየሩ ይሽከረከራል። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሦስት ጊዜ አቅጣጫ ከቀየረ ተመለስ። ከጎን የሚመጣ፣ ግን የማይለዋወጥ ነፋስ ለአዳኝ ከሚሽከረከር ቀላል ነፋስ በጣም ይሻላል።

አንድ ነገር ግን ቀድመህ አጣራ። በሸለቆው ውስጥም በተራራው ጫፍም ነፋሱ በአንድ አቅጣጫ ከሆነና በረታ ካለ፣ ያ የወቅቱ ነፋስ ነው፤ ፀሐይ ስትወጣ ይገለበጣል ብለህ አትጠብቅ። ያን ጊዜ ያለህ ምርጫ ዞሮ መሄድ ወይም መቅረት ነው። ቅርንጫፍ እስኪወዛወዝ ከነፈሰ ደግሞ አጋዘኖቹ ጆሯቸው ስለማያግዛቸው ይደነብራሉ፤ ከጥሻውም አይወጡም።

ሁለተኛው ቀን ለማታው ይሁን። ከ10 ሰዓት በፊት፣ አየሩ ገና ሽቅብ ሳለ፣ ከላይ ወርደህ ከቁጥቋጦው ጎን ተቀመጥ። በቀጥታ ከበላዩ አትሁን፤ ፀሐይ ተዳፋቱን ስትለቅ አየሩ እንደገና ቁልቁል ይወርዳልና።

ልብስን በጭስ ማጠን ጠረንን ይደብቃል የሚሉ አሉ። አይደብቅም፤ በሰው ጠረን ላይ ሌላ ጠረን ይጨምራል። ዕጣን ከሚጨስበት ቤት የወጣ ልብስ፣ ሲጋራና ሽቶ ይቅሩ፤ ታጥቦ ውጭ የተሰጣ ልብስ ይበቃል። እሱም ቢሆን ከጀርባህ ነፋስ አያድንህም። ብዙ ሰው ነፋስ ጥይቴን ያስተብኛል ብሎ ይጨነቃል፤ በ150 ሜትር ላይ መካከለኛ የጎን ነፋስ ጥይቱን የሚገፋው በጥቂት ሳንቲ ሜትር ነው።

ፈቃድህ የሚሠራው ለተጻፈበት እንስሳና ቦታ ብቻ ነው። ዙሪያ ጥምጥም ስትሄድ ከተፈቀደልህ ቦታ እንዳትወጣ ካርታህን ተመልከት፤ በኤረር ሸለቆ በኩል ወዳለው የባቢሌ ዝሆኖች መጠለያ ጠመንጃ ይዘህ አትግባ። ከታች ወደ ላይ ስትተኩስም ከአጋዘኑ ጀርባ አፈር እንጂ የሰማይ ጠርዝ እንዳይሆን፤ በዚያ ሰዓት ግመልና ፍየል የሚነዱ እረኞች ከማዶ ሊኖሩ ይችላሉ።