ጠይቁኝ፦ አበባን በማታ ማየት

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ፖስታ ቤት አካባቢ ባለ መሥሪያ ቤት ነው የምሠራው። ለአጭር ሥልጠና ወደ ቶኪዮ ልሄድ ነው፤ ከመጋቢት 15 እስከ 24 እዚያ እቆያለሁ። ቀኑን ሙሉ ክፍል ውስጥ ስለሆንኩ ነጻ የምወጣው ማታ ብቻ ነው። የሥራ ባልደረቦቼ «የቼሪ አበባ በመብራት የሚታይበት ሰሞን ነው፣ እንዳያመልጥሽ» ይሉኛል። እርስዎ እዚያ እንደተማሩ በዚሁ አምድ አንብቤ ነበር። የት ልሂድ? በስንት ሰዓት? እናቴ ፎቶ አደራ ብላኛለች፤ በስልክ ይወጣልኛል? ደግሞ ጿሚ ነኝ።
ሰ.፣ ከአምባሳደር አካባቢ

እህቴ፣ ቀኑን ራስሽ ብትመርጪ እንኳ ከዚህ የተሻለ አታገኚም። የቶኪዮ ቼሪ በአማካይ መጋቢት 15 ላይ መፈንዳት ይጀምርና መጋቢት 22 ገደማ ሙሉ ይሆናል። አማካይ ነው የምልሽ። በ2013 ዓ.ም. መጋቢት 5 ላይ ቀድሞ ፈንድቷል፤ በ2016 ደግሞ እስከ መጋቢት 20 አስጠብቋል። ስለዚህ እንደደረስሽ ሰው ጠይቂ። በዚያ ሰሞን በቴሌቪዥን ከዜናው ጋር የሚነገር ጉዳይ ስለሆነ የማያውቅ የለም።

የሚታወጀው እንዲህ ነው። የሜትሮሎጂ ባለሙያዎች በያሱኩኒ መቅደስ ግቢ ያለች አንዲት ዛፍ ይመለከታሉ፤ አምስት ስድስት አበባ ስትከፍት ቶኪዮ ማበቧ ይነገራል። አንዲት ዛፍ ለመላው ከተማ የምትመሰክረው ሶሜይ ዮሺኖ የሚባለው ዝርያ በዘር ስለማይባዛ ነው። ከአንዱ ዛፍ ቅርንጫፍ እየተቆረጠ በሌላ ግንድ ላይ እየተጣበቀ የተባዛ ስለሆነ ዛፎቹ ሁሉ በተፈጥሯቸው አንድ ናቸው፤ ተመሳሳይ ቅዝቃዜና ሙቀት ካገኙ አብረው ይፈነዳሉ። ቅጠሉ የሚመጣው ከአበባው በኋላ ነው። ስለዚህ የምታዪው አበባ ብቻ የለበሰ ቅርንጫፍ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። አንድ ማታ ብቻ ቢኖረኝ ቺዶሪጋፉቺ ነው የምሄደው። የንጉሠ ነገሥቱን ቤተ መንግሥት ከከበቡት በውሃ የተሞሉ ሰፋፊ ቦዮች አንዱ ሲሆን፣ ዳር ዳሩን 700 ሜትር ያህል የእግር መንገድ አለው። ቅርንጫፎቹ ቁልቁል ወደ ውሃው ይወርዳሉ፤ መብራቱ ሲበራ አበባውን ከላይም ከታችም ታዪዋለሽ። ኩዳንሺታ በሚባለው ጣቢያ ውረጂ። ያሱኩኒም ከዚያው መንገድ ማዶ ስለሆነ መጀመሪያ ያቺን ምስክር ዛፍ አይተሽ መሻገር ትችያለሽ።

ከቦታው ይበልጥ ግን ሰዓቱን አደራ እልሻለሁ። ብዙ እንግዳ እራቱን በልቶ ከጨለመ በኋላ ይሄዳል፤ እኔ ይህ ከልቤ ያሳዝነኛል። የሶሜይ ዮሺኖ አበባ ነጭ ሊባል ምንም አይቀረው፤ ሮዝነቱ የፍንጭ ያህል ነው። ነጭ በመሆኑም ያገኘውን ብርሃን ሁሉ ይቀበላል። ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ ጀምሮ ግማሽ ሰዓት ያህል ሰማዩ ጥልቅ ሰማያዊ ሆኖ ይቆያል፤ መብራቱም በርቷል። አበባው ከሥሩ የመብራቱን ሙቀት፣ ከአናቱ የሰማዩን ቅዝቃዜ ይዞ የሚታየው ያኔ ብቻ ነው። ሰማዩ ከጠቆረ በኋላም ያምራል፤ ያ የሁለት ብርሃን ነገር ግን የለም። ሥልጠናው 11 ሰዓት ላይ ካበቃ ወደ ማረፊያሽ አትመለሺ፤ ቦርሳሽን እንደያዝሽ ቀጥ ብለሽ ሂጂ። መብራቱ የሚጠፋው ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ስለሆነ ከዚያ በኋላ ለመቀመጥ ጊዜ አለሽ።

ስለ ሰዓት ካነሳን ላይቀር፦ የእጅ ሰዓትሽ እንደ ልማዳችን በሀበሻ አቆጣጠር ከተሞላ አትንኪው። ቶኪዮ ከአዲስ አበባ በ6 ሰዓት ትቀድማለች፤ የኛ አቆጣጠር ደግሞ ከፈረንጁ በ6 ይዘገያል። ስለዚህ ሰዓትሽ ሳይነካ የቶኪዮን ሰዓት ልክ ያሳይሻል። ከላይ የጻፍኩልሽን ሰዓት ግን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው፤ 12 ሰዓት ያልኩሽ በእጅሽ ላይ 6 ሆኖ ታገኚዋለሽ።

ሁለተኛ ማታ ከተረፈሽ ወደ ኮማጎሜ፣ ሪኩጊየን ወደሚባለው የአትክልት ስፍራ ሂጂ። እ.ኤ.አ. በ1702 የተሠራ ነው። እዚያ የምትታየው ቅርንጫፏን እስከ መሬት የምታወርድ አንዲት ትልቅ ቼሪ ናት፤ ከፍታዋ 15 ሜትር ይደርሳል። ይህ ዝርያ ከሌሎቹ ትንሽ ቀደም ስለሚል በመጀመሪያዎቹ ቀኖችሽ ብትሄጂ ይሻላል። ማታ የሚገባው በትኬት ነው። ሶሜይ የሚባለው መንደር፣ የዝርያው ስም የመጣበት፣ የነበረው እዚያው አካባቢ ነው፤ ችግኝ አፍዪዎች ይኖሩበት ነበር።

የሜጉሮ ወንዝ በፎቶ ከሁሉም በላይ ይታወቃል። ቅርንጫፎቹ ከሁለቱም ዳር በጠባቡ ወንዝ ላይ ይገናኛሉ፣ ፋኖሶቹም ያምራሉ፤ ሆኖም ሰው ሰውን እየገፋ ነው የሚያልፈው፣ ቆሞ ማየት አይቻልም። ኡዌኖ የሚባለው መናፈሻ ምንጣፍ ዘርግተው ለሚበሉና ለሚጫወቱ ነው፤ ባልደረቦችሽ ከጋበዙሽ እሺ በይ። ሺንጁኩ ግዮየን የሚባለው የአትክልት ስፍራ በመደበኛው ማታ ዝግ ስለሆነ፣ ልዩ የማታ ዝግጅት መኖሩን ሳትጠይቂ አትድከሚ።

ለእናትሽ ፎቶ ፍላሽ አጥፊ። ፍላሽ የቅርቡን ቅርንጫፍ አንጥቶ የኋላውን ሁሉ ያጠቁርብሻል። ስልክሽን የውሃው ዳር አጥር ላይ አስደግፊና የማታ ማንሻውን ምረጪ፤ ስክሪኑ ላይ ደማቁን አበባ ነክተሽ ብርሃኑን ትንሽ ዝቅ አድርጊው። ነፋስ ሲያርፍ ጠብቀሽ አንሺ። አንድ ሁለት ካነሳሽ በኋላ ግን ስልኩን ወደ ቦርሳሽ መልሺው፤ እናትሽ ከፎቶው ይልቅ አንቺ ያየሽውን ብትነግሪያት ይበልጥ ደስ ይላታል።

ስለ ጾም፦ ይህ ሰሞን በየትኛውም ዓመት ቢሆን ከሁዳዴ አይወጣም፤ ስለዚህ ጥያቄሽ የብዙ ሰው ነው። የሚያስቸግርሽ ሥጋው ሳይሆን መረቁ ነው። የኑድል ሾርባው ሁሉ ማለት ይቻላል ከደረቀ ዓሣ በወጣ መረቅ ይሠራል፣ ባይታይም። ከሩዝ ዱቄት ተድቦልቡሎ በቀጭን እንጨት የሚሰካውን ዳንጎ፣ የቀይ ባቄላ ጣፋጭ የተቀባውን ብዪ። የተጠበሰ ስኳር ድንች ካገኘሽ ግዢ፤ እጅሽንም ያሞቅልሻል። ቆሎ ከቤትሽ ያዢ። ከጨለመ በኋላ ውሃው ዳር ይበርዳል፣ የኛ የኅዳር ሌሊት ያህል ነው፤ ወፍራም ሹራብ ሳትይዢ እንዳትወጪ።

*

ጤና ይስጥልኝ። ጡረታ የወጣሁ የልደታ ነዋሪ ነኝ። ልጄ ዘንድ ዋሽንግተን ሄጄ በሐይቁ ዳር ያለውን የቼሪ አበባ አይቼ ሳስበው እኖራለሁ። ግቢዬ ሰፊ ነው። ልጄ ችግኝ በሻንጣ ብትልክልኝ፣ ተክዬ ማታ ማታ መብራት ባበራበት ያብብልኛል? ዘንድሮ ከተማችን በመብራት ደምቃለች፤ የኔም ግቢ እንዲደምቅ ነው ምኞቴ።
ተ.፣ ከልደታ

አባት፣ ምኞትዎን ወድጄዋለሁ። ችግኙ ግን በሻንጣ እንዳይመጣ እለምንዎታለሁ። የዋሽንግተኖቹ ዛፎች ራሳቸው ከቶኪዮ የተላኩ ስጦታ ናቸው። መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1910 ወደ 2,000 ዛፍ ተልኮ ነበር፤ ሲመረመር ነፍሳትና በሽታ ስለተገኘበት ተቃጠለ። አሁን ያሉት የሚመነጩት በ1912 ከገቡት 3,020 ዛፎች ነው። የሁለት አገር መንግሥት የተማከረበት ጭነት እንዲህ ከሆነ፣ ሳይመረመር የገባ አንድ ችግኝ በጎረቤትዎ ኮክና ፖም ላይ ምን ሊያመጣ እንደሚችል ያስቡት።

ቢገባም እንደዚያ አያብብልዎትም። ቼሪ እምቡጡን በበጋቸው ያዘጋጅና ይተኛል፤ የሚነቃው ለሳምንታት የዘለቀ ቅዝቃዜ ካገኘ በኋላ ነው። የአዲስ አበባ ብርድ ደግሞ የሌሊት ነው፤ ረፋድ ላይ ፀሐይዋ ታፈርሰዋለች። ዛፉ መንቂያውን ሳያውቅ እዚህም እዚያም ጥቂት አበባ እያወጣ ይኖራል።

ዘመዱ ግን እዚሁ አለልዎት። ጥቁር እንጨት ከቼሪ ጋር አንድ ወገን ነው፤ አበባው ነጭና ደቃቅ ነው። ግን ትልቅ ዛፍ ስለሚሆን ለግቢ አልመርጥልዎትም። ኮክም የዚያው ወገን ነው፤ ብዙ ቅዝቃዜ የማይፈልጉ ዝርያዎቹ ደጋችንን ለምደውታል፣ አበባውም ሮዝ ሆኖ ከቅጠሉ ቀድሞ ይመጣል። እርስዎ ያዩትን የሚመስል ነገር ከፈለጉ ኮክ ይትከሉ። ሰኔ ላይ፣ ዝናቡ ሲገባ፣ የተዳቀለውን ችግኝ ከችግኝ ጣቢያ ይግዙ።

የመብራቱን ነገር በዝርዝር ልንገርዎት፤ እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው። በመሐል ከተማ ስመላለስ ግንዳቸው በሽቦ የተጠመጠመ፣ በየደቂቃው ቀለማቸው የሚለዋወጥ ዛፎች አያለሁ። ግንድ በየዓመቱ ይወፍራል፤ ሽቦው ግን አይላላም፣ ልጡን ይቆርጠዋል። ሚስማርም አይምቱበት። አንድ መብራት ከዛፉ ሁለት ሜትር ራቅ አድርገው መሬት ላይ ያኑሩና ሽቅብ ያዙሩት። ለኮኩ ሮዝ ሞቅ ያለ ቢጫማ አምፖል ይስማማዋል። ግቢዎ ጃካራንዳ ካለው ግን ነጭ አምፖል ያድርጉ፤ ወይን ጠጁ ቀለም በቢጫ መብራት ግራጫ ይሆናል። በበልግ፣ ጃካራንዳው ሲያብብ፣ ልዩነቱን በአንድ ማታ ሁለቱንም አምፖል ቀያይረው ሊያዩት ይችላሉ።

ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ያጥፉት፤ ወፎችም ዛፉም ጨለማ ያስፈልጋቸዋል። ማብሪያ ማጥፊያውን ደግሞ በረንዳው ላይ ዝቅ አድርገው ያስገጥሙት፤ የልጅ ልጆችዎ ሲመጡ ራሳቸው እንዲያበሩት።