ጥያቄና መልስ፦ ካምፐር ለመጎተት የትኛው መያያዣ ይሻላል?

ሰሞኑን የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ መጎተት ናቸው። ያሳጠርኳቸው አሉ፣ ቃላቸውን የቀየርኩባቸውም አሉ፤ ጸሐፊዎቹ ቅር አይበላችሁ።

ከደብረ ብርሃን፣ በሽርክና የሚሠሩ ሁለት ወጣቶች። ውጭ ያለ ዘመዳቸው ፊፍዝ ዊል የሚባለውን ዓይነት ትንሽ ካምፐር፣ ማለትም በመኪና የሚጎተት ማደሪያ፣ ልኮላቸዋል። ሙሉ ሲጫን 2,200 ኪሎ ይመዝናል፣ ወርዱ 2.4 ሜትር ነው። እንግዶችን ወደ ጓሳ ይዘው ሊወጡበት አስበዋል። ያላቸው ደብል ጋቢና ፒክአፕ ነው፤ የካሶኒው ርዝመት 1.5 ሜትር፣ የመጫን አቅሙ 850 ኪሎ። አንዱ ጋራዥ የካምፐሩን አንገት ስለሚይዘው ክፍል «ሰሃኑን ካሶኒው ላይ እንበይደው» አላቸው። ሌላው ደግሞ «ከኋላ መከላከያው ሥር የመጎተቻ ኳስ ይግባለት» አላቸው። የቱን እንስማ ይላሉ።

ሁለቱንም አትስሙ።

ኳሱን በቶሎ ልጨርሰው። የእናንተ ካምፐር አንገቱ ወደ ላይ ወጥቶ ወደ ፊት የተዘረጋ ነው፤ ከአንገቱ ሥር የሚወርደው ኪንግ ፒን ካሶኒው ውስጥ ባለ ሰሃን መንጋጋ መያዝ አለበት። ከመከላከያ ሥር ያለ ኳስ ሌላ ዓይነት ተጎታች የሚይዝ ነው። የፒኑን ራስ ቀይሮ ካሶኒ ውስጥ ባለ ኳስ ላይ የሚያሳርፍ ማራዘሚያም ይሸጣል፤ ማራዘሚያው ግን እንደ ረጅም ዘንግ ሆኖ የካምፐሩን የፊት ሻንሲ ይጠመዝዘዋል። ለዚያ ጉልበት ያልተሠራ ሻንሲ ብየዳው ይሰነጠቃል። ሰሃን የሚቀበል ፒን እያላችሁ ይህን መግዛት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ደብዳቤያችሁ ስለ ብረቱ ብዙ ይላል፣ መኪናው ላይ ስለሚያርፈው ክብደት ግን ምንም አላለም። ከኋላ በኳስ የሚጎተት ከክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶውን መኪናው ላይ ያሳርፋል። ፊፍዝ ዊል ግን ከ15 እስከ 25 በመቶ ያሳርፋል። መሐሉን 20 በመቶ ብንይዝ ከ2,200 ኪሎ 440 ኪሎው ፒኑ ላይ ነው። መያያዣው ራሱ 60 ኪሎ ቢሆን 500 ገባ። አራት ሰው በ70 ኪሎ ሲሰላ 280 ነው፤ ድምሩ 780። ከ850ው የቀራችሁ 70 ኪሎ ብቻ ነው፤ ሻንጣው፣ ጄሪካኑ፣ ትርፍ ጎማውና ክሪኩ ገና አልተጫኑም። የካምፐሩ የውሃ ታንከር ከአክስሉ ፊት ከሆነ ደግሞ አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነውና አብዛኛው ፒኑ ላይ ይጨመራል።

በግምት አትሥሩ። ከባድ መኪና የሚመዘንበት ሚዛን ፈልጉ። መጀመሪያ ፒክአፑን ብቻውን መዝኑ። ቀጥሎ ካምፐሩን አያይዛችሁ፣ የካምፐሩ ጎማዎች ከሚዛኑ ውጭ ሆነው ፒክአፑን ብቻ ሚዛኑ ላይ አቁሙት። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት የፒን ክብደታችሁ ነው። ይህን ቁጥር ሳትይዙ መያያዣ የሚሸጥላችሁ ሰው ዘንድ አትሂዱ።

ሁለተኛው ጉዳይ የካሶኒው ማጠር ነው። ፒኑ የሚያርፈው ከኋላ አክስሉ በላይ ወይም ጥቂት ወደ ፊት ነው። የካምፐሩ ወርድ 2.4 ሜትር ከሆነ ግማሹ 1.2 ሜትር ነው፤ ጥግ ይዛችሁ ስትታጠፉ ማዕዘኑ ከፒኑ ቢያንስ 1.2 ሜትር ወደ ጋቢናው ይመጣል። ሜትር ይዛችሁ ከኋላ አክስሉ መሐል እስከ ጋቢናው ጀርባ ለኩ። የ1.5 ሜትር ካሶኒ ያለው ደብል ጋቢና ይህን ያህል ቦታ አይሰጥም፤ አንድ ቀን ወደ ኋላ ስትጠመዝዙ መስታወቱ ይረግፋል። ለአጭር ካሶኒ ተብሎ የሚሠራ ተንሸራታች መያያዣ አለ፤ ስትታጠፉ ፒኑን ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ይስበዋል። ግን ለቀስታ መታጠፊያ ብቻ ነው። ክብደቱ ከአክስሉ ኋላ ሆኖ ከተነዳ የፊት ጎማዎች ይቀልሉና መሪው መያዙን ያጣል። ለእናንተ ደግሞ ያ 30 ሳንቲ ሜትር እንኳን የሚበቃ አይመስለኝም።

ስለዚህ ምክሬ መኪናውን ቀይሩ ነው። ረጅም ካሶኒ ያለው ሲንግል ጋቢና ፈልጉ፤ አክስሉ ከጋቢናው ይርቃል፣ የመጫን አቅሙም ብዙውን ጊዜ ይበልጣል። እንግዶቹ በሌላ መኪና ይከተሉ። ወጪ መሆኑ አይጠፋኝም። ሰው ልትጭኑ ያሰባችሁ ባይሆን ኖሮ ቃሌን ባለዘብኩ ነበር።

ብየዳውን ለመጨረሻ ያቆየሁት ከሁሉ በላይ ስለሚያሳስበኝ ነው። ካሶኒ ስስ ላሜራ ነው፤ ጭነት ከላይ ወደ ታች ለመሸከም እንጂ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ለመጎተት አልተሠራም። እዚያ ላይ የተበየደ ሰሃን ፍሬን በያዛችሁ ቁጥር ላሜራውን ያጥፈዋል፣ ቆይቶም ከነላሜራው ይነቀላል። ትክክለኛው አሠራር መያያዣው ካሶኒውን አልፎ፣ በወፍራም ብረት ድጋፍ፣ ከሻንሲው ጋር በቡሎን መታሰሩ ነው። ሻንሲውም ቢሆን ዝም ብሎ አይበየድም፤ እሳት ያገኘው ቦታ ጥንካሬውን ያጣና ስንጥቁ ከብየዳው ጠርዝ ይጀምራል። መብሳት ግድ ከሆነ የሚበሳው የሻንሲው የጎን ግድግዳ ነው። የላይኛውና የታችኛው ከንፈር አይነካም። ቡሎኑ ጭንቅላቱ ላይ 8.8 ወይም 10.9 የሚል ቁጥር ያለበት ይሁን። ቁጥር የሌለው ቡሎን ለበር ማጠፊያ ነው። ከመጀመሪያው ጉዞ ስትመለሱ ሁሉንም በቶርክ ቁልፍ ደግማችሁ አጥብቁ።

ይህን ሥራ የከባድ መኪና ሻንሲ የሚያውቅ መካኒክ ይሥራው። «ባለሙያ አማክሩ» የሚባለውን ለወጉ አላልኩም፤ መካኒኩ ከመብሳቱ በፊት የመኪናችሁን መመሪያ ካልጠየቀ ሌላ ፈልጉ።

ከመሐል ሜዳ፣ መምህር። የሰሃኑ ራስ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብቻ የሚያዘነብል አለ፣ ወደ ጎንም የሚያዘነብል አለ፤ ልዩነቱ ዋጋውን ያህላል ወይ?

ለእኛ መንገድ ያህላል። በጠጠሩ ላይ አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ፒክአፑና ካምፐሩ ወደተለያየ ጎን ያዘማሉ፤ ራሱ ወደ ጎን ካልሰጠ ያ ጥምዘዛ በሙሉ ወደ ፒኑና ወደ ሻንሲው ይሄዳል። በአራቱም አቅጣጫ የሚያዘነብለውን ይግዙ። ከስፖንዳው ጫፍ እስከ ካምፐሩ ሆድ ደግሞ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይኑር፤ አለዚያ በመጀመሪያው ጉድጓድ ይጋጫሉ።

የሰሃኑ ፊት ግራሶ ይፈልጋል?

አዎ፣ ስስ አድርገህ ቀባ፤ ለዚህ የተሠራ የፕላስቲክ ዝርግ ካገባህበት ግን ግራሶው ይቅር።

ከሸዋ ሮቢት፣ የአትክልት ነጋዴ። ባለ ሁለት ጎማ ትንሽ ተጎታች አላቸው። መያዣው ላይ 2 ኢንች ተጽፏል፤ የገዙት ኳስ ግን 1 7/8 ይላል። ሻጩ «ይገባል፣ ችግር የለውም» ብሏቸዋል።

መግባቱ ነው ችግሩ። አንዱ 50.8 ሚሊ ሜትር ነው፣ ሌላው 47.6። በሜዳ ላይ ደህና ይሄዳል፣ ጉብታ ላይ ዘሎ ይወጣል። ከዓመታት በፊት ደብረ ሲና ቁልቁለት ላይ ከፊቴ የነበረ ፒክአፕ የውሃ ታንከሩን እንዲህ ሲያጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ታንከሩ ተነጥሎ፣ መንገዱን አቋርጦ ቦይ ውስጥ ገባ። ሰንሰለት አልነበረውም። መንገዱ ዳር ላይ ሁለት ልጆች በግ ይጠብቁ ነበር፤ ልጆቹ ተርፈዋል። ድንጋጤው ዛሬም አልለቀቀኝም። ወንድሜ፣ ኳሱን ዛሬውኑ ይቀይሩት። ሁለት ሰንሰለትም ከሥር አመሳቅለው ያስሩ፤ መያዣው ቢለቅ አንገቱን አስፋልት ሳይነካ የሚይዘው መስቀሉ ነው።

ከአጣዬ፣ ሾፌር። ፊፍዝ ዊል ይዤ ጣርማበርን እንዴት ልውረድ? መያያዣው ጠንካራ ከሆነ ይበቃል ይሉኛል።

አይበቃም። መያያዣ መኪናውንና ካምፐሩን አንድ ያደርጋል እንጂ አያቆምም። የጣርማበር አናት ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ከዋሻው ወጥተህ በደብረ ሲና አድርገህ ሸዋ ሮቢት እስክትደርስ፣ በ50 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ፣ ከ1,500 ሜትር በላይ ትወርዳለህ። ያንን ሁሉ ክብደት በፍሬን ብቻ ከያዝከው የፍሬን ሸራው ይግላል፣ ይሸታል፣ ከዚያ እግርህ እየረገጠም አይዝም።

ማርሹን ቁልቁለቱ ሳይጀምር ቀንስ፤ ዳገቱን በወጣህበት ማርሽ ወይም ከዚያ ባነሰ ውረድ። ፍሬኑን እያሻሸህ አትቆይ፦ ጠንከር አድርገህ ያዝ፣ ፍጥነቱ ሲወርድ ልቀቅ፣ ይቀዝቅዝ። የካምፐሩ የራሱ የኤሌክትሪክ ፍሬን ጋቢና ውስጥ መቆጣጠሪያ ካልተገጠመለት እንደሌለ ቁጠረው። ተጎታቹ ቢነጠል ገመዱ ተስቦ ፍሬኑን የሚያሲዘው መቀስቀሻ ከነባትሪው መሥራቱን ከመነሳትህ በፊት ሞክር። ጉም ካለ ደግሞ ቆመህ አሳልፈው።

ስትመለስ ዳገቱ ላይ መኪናው ቢደክም አትደንግጥ። ቱርቦ የሌለው ሞተር በ3,000 ሜትር ከፍታ ከጉልበቱ ሲሶ ያህሉን ያጣል። ቱርቦ ያለው ብዙውን ይይዛል፣ የሙቀት መለኪያውን ግን ተመልከት።

ካምፐር ለመጎተት መንጃ ፈቃዴ ይበቃል? ኢንሹራንሱስ?

የምትኖርበት አካባቢ የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤትና መድን የገባህበት ድርጅት ዘንድ ሊብሬውን ይዘህ ጠይቅ።

የካምፐሩ መብራት በሰከንድ ተቃጠለ፣ ለምን?

መብራቱ እንደ ፒክአፕህ የ12 ቮልት ነው፣ ከባድ መኪና ግን 24። በከባድ መኪና ሶኬት ሞክረኸው ይሆናል።

ከአንኮበር፣ አንዲት እናት። ባለቤታቸው ሲያያይዝ ከኋላ ቆመው የሚመሩት እሳቸው ናቸው። «ምን ላይ እንዳተኩር የነገረኝ ሰው የለም» ይላሉ።

እማማ፣ ይህን ጥያቄ ብዙ ሾፌሮች በጠየቁኝ ደስ ባለኝ። መጀመሪያ የካምፐሩ ጎማዎች ከፊትም ከኋላም ታኮ ይደረግላቸው። ፒክአፑ ወደ ኋላ ሲመጣ የሰሃኑ ከፍታ ከፒኑ ዙሪያ ካለው ዝርግ ጥቂት ከፍ ያለ ይሁን፤ ሰሃኑ ሲገባ ካምፐሩን በትንሹ ማንሳት አለበት። ካምፐሩ በጣም ከፍ ካለ ፒኑ በመንጋጋው ጫፍ ብቻ ይያዝና የገባ ይመስላል። ቀጭ የሚለውን ድምፅ ብቻ አይመኑ፤ ባትሪ ይዘው ጎንበስ ብለው መንጋጋው ፒኑን ዙሪያውን መያዙን፣ በሰሃኑና በዝርጉ መካከልም ብርሃን አለማለፉን ይዩ። የመቆለፊያው ሽቦ ይግባ። የመብራቱ ሶኬትና የመቀስቀሻው ገመድ ይታሰሩ።

ከዚያ የፊት እግሮቹን ትንሽ ብቻ አስነስተው፣ ታኮው እንዳለ፣ ባለቤትዎ ፒክአፑን በቀስታ ወደ ፊት ይሳቡት። ሳይላቀቅ ከያዘ እግሮቹ ሙሉ በሙሉ ይነሱ፣ ታኮው የሚወጣው መጨረሻ ነው።

እርስዎ የሚቆሙት በሾፌሩ በኩል፣ ከጎን፣ በመስታወቱ በሚታዩበት ቦታ ነው። መኪናው በሚንቀሳቀስበት ጊዜ በፒክአፑና በካምፐሩ መካከል አይግቡ፤ የወደቀ ነገር ለማንሳትም ቢሆን ሞተሩ እስኪጠፋ ይጠብቁ።