ኦሰም በሁለት ጄነር ሲከበብ፦ ለተጠየቀው መልስ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህ ይህ ነው፦ በባትልቴክ (ሜክ የተባሉ ግዙፍ የጦር ሮቦቶች ሄክስ በሚባሉ ባለ ስድስት ጎን ቦታዎች በተከፈለ ካርታ ላይ በዳይስ የሚዋጉበት የጠረጴዛ ጨዋታ) ባለ 80 ቶኑን ሜክ ኦሰም 8ኪው ይዘህ ሁለት ጄነር 7ዲ የተባሉ ቀላልና ፈጣን ሜኮች ይገጥሙሃል፣ ዞረው ከኋላህ እየገቡ ይጨርሱሃል፣ የካርታው ጠርዝ ላይ መለጠፍም አላዳነህም። ግጥሚያው ፍትሐዊ ነው። ኦሰም በባትል ቫልዩ (የሜክን የውጊያ አቅም በሚለካው ነጥብ) 1605 ነው፣ ሁለቱ ጄነሮች ተደምረው 1750። የምትሸነፈው በአርመር (መከላከያ ብረት) ማነስ ሳይሆን በርቀት ነው።

ሁላችሁም ጋነሪ (የተኩስ ችሎታ) 4 ናችሁ እንበል፤ በዚህ ላይ ቅጣቶቹ ይደመራሉ፣ ለመምታት በሁለት ዳይስ ድምሩን ወይም ከዚያ በላይ መጣል አለብህ። አንተ ቀላል ደን ውስጥ ቆመሃል፤ ጄነሩ ከ7 እስከ 9 ሄክስ ሮጦ +3 መከላከያ አግኝቷል። 2 ሄክስ ላይ ከቆመ፣ የፒፒሲ (የኦሰም ዋና መሣሪያ፣ ሦስት አለህ) ዝቅተኛ ርቀት 3 ስለሆነ +2 ይጨመርብሃል፤ 4 እና 3 እና 2፣ 9 ያስፈልግሃል፣ 28 በመቶ ብቻ። እሱ 4፣ ለሩጫው 2፣ ለደንህ 1 ደምሮ በ7 ይመታሃል፤ 58 በመቶ። ያንኑ ጄነር አሁን 5 ሄክስ ላይ አቁመው፦ ያንተ ቁጥር 7 ይሆናል፣ የሱ ሚድየም ሌዘር መካከለኛ ርቀት ውስጥ ስለገባ +2 ተጨምሮበት 9። ዕድሉ ሙሉ በሙሉ ተገለበጠ። ከ9 ሄክስ በላይ ደግሞ ጨርሶ ሊተኩስብህ አይችልም፣ ፒፒሲ ግን እስከ 18 ይደርሳል። ስለዚህ ሥራህ አንድ ነው፤ 2 እና 3 ሄክስ ላይ እንዳይመቸው ማድረግ።

ደን ፈልግ። አንተ ያለህበት ደን ለሚተኩስብህ እንጂ ለራስህ ተኩስ አይቆጠርም፤ ከባድ ደን ከተገኘማ +2 ነው። ጠርዙ ላይ ግን አትለጠፍ፤ ከኋላህ 3 ሄክስ ሜዳ፣ ከፍታው እኩል የሆነ፣ ተው። ኢኒሺዬቲቭ (በየዙሩ ማን ቀድሞ እንደሚንቀሳቀስ የሚወስነውን የዳይስ ውድድር) ስታሸንፍ ሁለቱም ጄነሮች ቀድመው ይንቀሳቀሳሉ፤ አንዱ 2 ሄክስ ላይ ፊትህ ከቆመ 3 ሄክስ ወደ ኋላ ትሄዳለህ። በእርምጃህ +1 ብትከፍልም በ8 ትተኩሳለህ፣ እሱ 9 ይፈልጋል። የለቀቅከው ደን በመሃል ከቀረ ለሁለታችሁም +1 ይጨምራል፤ ጄነሩ በሰያፍ ካለ ይህ ችግር የለም። ወደ ኋላ መሮጥም ከፍታ መቀየርም ስለማይቻል ቦታውን ገና ስትሰለፍ ምረጥ። በሚቀጥለው ዙር ኢኒሺዬቲቩን ብትሸነፍ ጠርዙ ጀርባህን ዘግቶልሃል፤ ካሸነፍክ ደግሞ ወደፊት ወጥተህ ርቀቱን ራስህ ትመርጣለህ።

ብዙ ሰው የሚስተው ነገር፦ ባለህበት መዞር እንኳ እንደ እርምጃ ተቆጥሮ +1 ያስከፍላል። አንዴ ዞረህ 2 ሄክስ መራመድ ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ቅጣቱን ትከፍላለህ፣ መከላከያ ግን የሚጀምረው ከ3 ሄክስ ነው። ወይ ቁም፣ ወይ 3ቱንም ቀጥታ ሂድ።

ቆመህ ቶርሶ ትዊስት (እግርን ሳያዞሩ ደረትን ብቻ ማዞር) ብታደርግ ግን አትቀጣም። ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ስታዞረው ጎንህ ላይ ያለው ጄነር ለሦስቱም ፒፒሲ ይገባል። ቀጥታ ከኋላ ለገባው የሚደርሰው የኦሰምህ የቀኝ እጅ ፒፒሲ ብቻ ነው፣ እሱም ወደ ቀኝ ከዞርክ። አስተውል፣ የደረሰብህ ጥቃት የትኛው አርመር ላይ እንደሚያርፍ የሚወስነው የእግርህ አቅጣጫ ነው፣ ትዊስት አይለውጠውም። የጎን ደረትህ የኋላ አርመር 10 ብቻ ስለሆነ ሁለት ሌዘር ይጨርሰዋል። የመሃሉ 19 ነው።

ሙቀቱን አትፍራው። 28 ሂት ሲንክ (እያንዳንዱ በየዙሩ 1 ሙቀት የሚያስወግድ ማቀዝቀዣ) አለህ፣ የሚፈነዳ ጥይት የለህም። እየተራመድክ ሦስቱንም ስትተኩስ 31 ታመነጫለህ፣ 3 ይተርፋል፤ በሁለተኛው ዙር 6 ይደርሳል፣ አንድ የእርምጃ ነጥብ ያሳጣሃል። በሦስተኛው ሁለት ብቻ ተኩስ፣ ወደ ዜሮ ትመለሳለህ። እየሮጥክ ሁለት ዙር ሦስቱን ከተኮስክ ግን 8 ላይ ትደርስና ተኩስህ ላይ +1 ይመጣል። የጄነሩንም ሙቀት ቁጠርለት፦ 5 ሄክስ ዘሎ አራቱን ሌዘርና ኤስአርኤሙን (የአጭር ርቀት ሚሳይሉን) ከለቀቀ 20 ያመነጫል፣ ሂት ሲንኩ 10 ነው። ቀጣዩ ሩጫው ከ11 ወደ 8 ይወርዳል፣ ተኩሱም +1 ይከብደዋል። መዝለሉን ሙቀት ስለማይነካው ግን ዘሎ ማምለጥ ይችላል፣ ለዚያም ሌላ 5 ሙቀት ይከፍላል። ሦስቱንም ፒፒሲ የምታወርድበት ዙር ይህ ነው።

ለሁለቱ ጄነሮች ተኩስህን አትከፋፍል። ሁለተኛ ኢላማ ፊትህ ላይ ቢሆንም +1፣ ጎንህ ላይ ደግሞ +2 ያስከፍላል። በዚያ ዙር ትንሽ ሄክስ የሄደውን ምረጥ፤ ለመዞር ነጥብ ያባከነ ጄነር ብዙ ጊዜ +2 ብቻ ይዞ ነው የሚቆመው። ሁለት ፒፒሲ ከገባለት 20 ጉዳት ነው፣ እንዳይወድቅ የፓይለቲንግ (ሜክ የመንዳት ችሎታ) ዳይስ መጣል አለበት።

አጠገብህ ፊት ለፊት ከቆመ እርግጫውን አትርሳ። ፓይለቲንግ 5 ከሆንክና ከቆምክ፣ +3 ያለውን ጄነር በ6 ትመታዋለህ (እርግጫ 2 ይቀንስልሃል)፣ 72 በመቶ። ጉዳቱ 16 ነው፤ የጄነር እግር የውስጥ አካሉ 8 ነጥብ ብቻ ነው፣ መላው አርመሩም 64። ከሳትክ ግን እንዳትወድቅ የፓይለቲንግ ዳይሱን አንተ ትጥላለህ፣ ስለዚህ ቁጥሩ ከ8 ካለፈ አትሞክረው።

ጨዋታው ተጨማሪ ነጥብ ከፈቀደ ሀንችባክ 4ጂ የተባለውን ሜክ ጨምር፣ ባትል ቫልዩው 1041 ነው። ከኦሰምህ 2 ሄክስ ወደ ኋላ አቁመው። ሊከብህ የገባ ጄነር የሀንችባኩ ኤሲ20 (ከባድ መድፍ) ፊት ያርፋል፣ አንዱ ምት 20 ስለሆነ እንዲህ ያለ ቀጭን ሜክ ብዙ ጊዜ ሁለተኛውን አይጠብቅም።