መልስ፦ አሜሪካ ያን ሁሉ ብር ለጤና እያወጣች ለምን ከጃፓን ያነሰ ይኖራሉ?

ወንድሜ ችግሩ የሆስፒታል ማነስ አይደለም። አሜሪካ ከጠቅላላ ኢኮኖሚዋ 17 ፐርሰንት አካባቢ ለጤና ታወጣለች፣ ጃፓን 11 ገደማ፣ ግን በፈረንጆቹ 2023 የአሜሪካ ሰው በአማካይ የሚኖርበት ዕድሜ 78.4 ሲሆን የጃፓን 84 አካባቢ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ አማካዩን ቁልቁል በይበልጥ የሚጎትተው ከሽማግሌ ሞት ይልቅ የወጣት ሞት ነው፣ የ25 ዓመት ልጅ ሲሞት ከሒሳቡ ላይ 50 ምናምን ዓመት ነው የሚጎድለው፣ የ80 ዓመት ሰው ሲሞት ግን ጥቂት። አሜሪካ ደግሞ ወጣቱን እየጨረሰው ያለው ፈንታኒል የሚባለው ኃይለኛ ዕፅ (በ2022 ብቻ ከ100 ሺህ በላይ ሰው በኦቨርዶዝ፣ ማለትም ዕፅ ከልክ በላይ ወስዶ ሞቷል)፣ ጠመንጃና የመኪና አደጋ ነው። ውፍረቱም አለ፣ ከአዋቂው 40 ፐርሰንት ገደማ፣ ጃፓን ከ10 ሰው አንድ እንኳ አይሞላም።

ከዛ ኢንሹራንስ። ጃፓን ከ1961 ጀምሮ ሁሉም ሰው አለው። አሜሪካ የምትኖር አክስቴ ግን ክረምት ላይ ሐዋሳ ስትመጣ መጀመሪያ የምትሄደው ጥርስ ሐኪም ጋ ነው፣ ዘመድ እስኪጠየቅ እንኳ አትጠብቅም 😂

"ጃፓኖች ብዙ የሚኖሩት አሳ ስለሚበሉ ነው" ያልከው ሰውዬ፣ እንደዛ ቢሆን ሐዋሳ አሞራ ገደል አሳ ገበያው ጋ የምንውል ሰዎች 100 በደፈንን ነበር። ጃፓኖችም እኮ ድሮ በስትሮክ ያልቁ ነበር፣ ጨው ቀንሰው ደም ግፊታቸውን በጊዜ መታከም ሲጀምሩ ነው የተሻላቸው።