መልስ፦ በስልክ ብቻ ዘጋቢ ፊልም መጀመር ይቻላል?

እህቴ፣ ያደግሽበትን የአዲስ አበባ ቆሻሻ መጣያ፣ የቆሼን አካባቢ በዘጋቢ ፊልም ለማሳየት እንደምትፈልጊ፣ ያለሽ ግን ስልክ ብቻ መሆኑን ነግረሽን ድጋፍ እስኪገኝ ልጠብቅ ወይ ብለሻል። አትጠብቂ! መጋቢት 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሲሞቱ የዜና ካሜራዎች መጥተው ነበር፤ ዜናው ሲያልፍ እነርሱም ሄዱ። ከዚያ በኋላ ያለውን ኑሮ መቅረጽ የሚችለው እዚያው የሚኖር ሰው ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ከምስሉ ይልቅ ድምፁ ነው። በገላጣ ሜዳ ነፋሱና የመኪናው ጩኸት ንግግሩን ይውጡታል። ተመልካች የደበዘዘ ምስል ይታገሣል፤ የማይሰማ ሰው ግን አይከታተልም። ስለዚህ መጀመሪያ የምታገኚውን ብር ልብስ ላይ በሚሰካ ማይክሮፎንና በነፋስ መከላከያው ላይ አውጪው።

ስለ ገንዘቡ፦ አምስተርዳም የሚገኘው ኢድፋ በርታ ፈንድ ከአፍሪካ፣ ከእስያ፣ ከላቲን አሜሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ ለሚመጡ ዘጋቢ ፊልሞች ድጋፍ ይሰጣል። ናይሮቢ ያለው ዶክዩቦክስ ደግሞ የምሥራቅ አፍሪካ ባለሙያዎችን ይደግፋል። እንዲህ ያሉ ተቋማት ከጽሑፉ ጋር የቀረጻ ናሙና ማየት ስለሚፈልጉ ዛሬ በስልክሽ የምትቀርጪው ነገር የማመልከቻሽ ዋና አካል ይሆናል። ማመልከቻው በእንግሊዝኛ የሚጻፍ መሆኑ ብዙ ጎበዝ ልጆችን ከበር መልሷል፤ ያናድደኛል። ሐሳብሽን መጀመሪያ በአማርኛ አሟልተሽ ጻፊው፣ ከዚያ የሚተረጉምልሽ ሰው ፈልጊ።

አንድ ነገር አደራ፦ ከክምሩ ላይ ዕቃ እየለቀሙ የሚያድሩ ሰዎችን ሳታስፈቅጂ እንዳትቀርጪ። ፈቃዳቸውን በድምፅ ቅጂው፣ ፊቴ አይታይ ያለሽን ሰው እጁን ወይም ጀርባውን ብቻ አሳዪ፤ ናሙናውንም ለማንም ከመላክሽ በፊት ለእነርሱ አሳዪያቸው።